ቃር፣ እራትና የአልጋዬ ራስጌ

የ2016 ፋሲካ ሌሊት ነው። ቅዳሴ ወጥተን ቤት ስንደርስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፏል፣ እናቴ ዶሮውን አሙቃ እንጀራውን ዘርግታ ጠበቀችን፣ 55 ቀን ቅባት ያልነካ ሆድ ይዘን ማዕዱን ከበብን። ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ ከዛ በላዩ ላይ እማዬ በእጇ ጠቅልላ የምታጎርሰኝ ጉርሻ፣ "በሞቴ ይቺን ብቻ" ከተባለ ደግሞ እምቢ ማለት የለም። በላንና ተኛን። አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላም፣ ጉሮሮዬ ላይ እሳት የተለቀቀ መስሎኝ ነቃሁ፣ ጎምዛዛ ውሃ አፌን ሞልቶታል፣ ትን ብሎኝ ሳል ያዘኝ፣ ተነስቼ ሽንት ቤት ሄጄ ጎንበስ ስል ጭራሽ ባሰብኝ። ባለቤቴ ጀርባዬን እያሻሸ "ተንፍሺ ተንፍሺ" ይለኛል፣ የ6 ዓመት ልጄ ነቅታ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፣ እኔ ደግሞ "አይዞሽ ደህና ነኝ" እንኳን ልላት ድምፅ የለኝም።

ያን ሌሊት ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። የልጄ ፊት እስካሁን አይጠፋኝም። ከዛ በኋላ ነው ይሄን ነገር የምር ልይዘው የወሰንኩት፣ አሁን እንግዲ ጊዜው ቆይቷል፣ እና ቃር ያለባቸው ጓደኞቼ "ምን አደረግሽ?" ብለው በጠየቁኝ ቁጥር በቴሌግራም ቮይስ ከምልክ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የራሴንና ዶክተሬ ያስረዱኝን ነው ምጽፈው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ልበል። እኛ ጋ ከደረት እስከ እምብርት ያለ ህመም በሙሉ ስሙ ጨጓራ ነው። ሆድሽ ቢነፋ ጨጓራ፣ ቢያቅለሸልሽሽ ጨጓራ፣ ደረትሽን ቢያቃጥልሽ ጨጓራ። እኔም ለዓመታት "ጨጓራ አለብኝ" እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ይሄ ስም ደግሞ ምን እንዳለብኝ እንዳልጠይቅ አደረገኝ፣ ምክንያቱም ስም ካለው የታወቀ ነገር ይመስላላ። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ አንድ ማታ ደረቱን ሲጨንቀው "ጨጓራዬ ተነሳብኝ" ብሎ ቀዝቃዛ ወተት ጠጥቶ ሊተኛ ነበር፣ ላብ አጥምቆት ግራ እጁ ሲደነዝዝ ሚስቱ በግድ ታክሲ ውስጥ አስገብታ ሆስፒታል አደረሰችው፣ ልቡ ነበር። ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አይኖርም። ስለዚ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉት ይሄን አትዝለሉ፦ የደረት ህመም ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ወደ እጅ ወይ ወደ መንጋጋ ከሚሄድ ህመም ጋር ከመጣ ወተትና ሽሮፕ መሞከሪያ ጊዜ አይደለም። ምግብ ሲዋጥ መንገድ ላይ ቀርቀር ካለ፣ ሳይታሰብ ኪሎ ከቀነሰ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወከ፣ ደም ማነስ አለብሽ ከተባለ፣ ወይ ደግሞ በፊት ያልነበረ ቃር ከ55 ዓመት በኋላ ከጀመረ ያ ሰው ሐኪም ማየት አለበት፣ ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም።

ወደ እኔ ልመለስ። ከፋሲካው በፊት ሁለት ጊዜ ታክሜአለሁ። የመጀመሪያው ቦታ ደም ሰጥቼ "ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ" ተባልኩና፣ ጨጓራ ውስጥ ሚኖር ባክቴሪያ አለብሽ ማለት ነው፣ ሁለት አንቲባዮቲክ ኦሜፕራዞል ከሚባለው የአሲድ መቀነሻ ጋር ለ14 ቀን ወሰድኩ፣ አፌ ብረት ብረት እያለኝ ጨረስኩት። ትንሽ ሻል አለኝ ከዛ ማቃጠሉ ተመለሰ። ከዓመት በኋላ ሌላ ቦታ ሄድኩ፣ እንደገና የደም ምርመራ፣ እንደገና ፖዘቲቭ፣ እንደገና 14 ቀን። ከፋሲካው በኋላ ያገኘኋቸው ዶክተር ናቸው ነገሩን የገለጡልኝ። የደሙ ምርመራ ሚያየው ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው፣ አንቲቦዲው ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ደም ውስጥ ይቆያል፣ ስለዚ ከታከሙ በኋላ በደም "ፖዘቲቭ" መባል ባክቴሪያው አለ ማለት ላይሆን ይችላል። መዳኔን ለማወቅ የሰገራ ምርመራ ነበር ማድረግ የነበረብኝ፣ እሱም መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞል ደግሞ ለ2 ሳምንት ካቆሙ በኋላ፣ አለበለዚያ ውጤቱን ያሳስታል። ተደረገልኝ፣ ኔጌቲቭ። ሁለተኛውን ዙር አንቲባዮቲክ ምናልባት በከንቱ ነው የዋጥኩት ማለት ነው። በዚህ ያዘንኩት ማዘን ቀላል አይደለም፣ ምክንያቱም ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ በደም ምርመራ ብቻ የታከሙ ስንት ሰዎች አውቃለሁ።

ባክቴሪያውን ማቃለሌ እንዳይመስል ደግሞ። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን በብርጭቆ ጠጥቶ ራሱን አሳምሞ ነው ጨጓራን እንደሚያቆስል ለማሳየት የጣረው፣ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸልመውበታል፣ በዚህ ሥራ ምክንያት ነው ዛሬ የጨጓራ ቁስለት በመድኃኒት ሚድነው። ግን የእኔ ችግር ቁስለት አልነበረም። የእኔ ሪፍለክስ ነው፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ፣ በአማርኛችን ቃር የምንለው።

ዶክተሯ ወረቀት ላይ ስለው አሳዩኝ። የምግብ ቧንቧው ጨጓራ ጋር ሲገናኝ እንደ በር ሚከፈትና ሚዘጋ ጡንቻ አለ። ስንውጥ ይከፈታል ከዛ ይዘጋል። ጨጓራ ውስጠኛ ግድግዳው አሲድ ሚችል ሽፋን አለው፣ ቧንቧው ግን የለውም፣ ስለዚ በሩ በላላ ቁጥር ትንሽ አሲድ እንኳን ብትወጣ ታቃጥላለች። በሩን ሚያላላው ወይ ሚገፋው ነገር ብዙ ነው፣ ጨጓራ ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ ቅባት ሲበዛ፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ የሆድ ውፍረት ከታች ሲገፋ፣ ጎንበስ ሲባል፣ ወገብ ጥብቅ ብሎ ሲታሰር። እርግዝናም፣ ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ ነው መጀመሪያ የጀመረኝ፣ ሆርሞኑ በሩን ያላላዋል ሆዱ ደግሞ ይገፋል። እና ከሁሉም በላይ መተኛት። ቆመን ወይ ተቀምጠን እያለን አሲዱ በክብደቱ ወደ ታች ነው፣ ጋደም ስንል ግን በሩና አሲዱ እኩል ይሆናሉ።

"ስንት ሰዓት ነው እራት ምትበዪው?" አሉኝ። ማታ 3 ሰዓት ተኩል አልኳቸው። "ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?" 4 ሰዓት ተኩል። ብዕራቸውን አስቀመጡና ዝም ብለው አዩኝ።

እኔ እኮ የጠበቅኩት የማይበላ ነገር ዝርዝር ነበር። በርበሬ ተዪ፣ ቡና ተዪ፣ ሽንኩርት ተዪ ምናምን። እሳቸው ግን ለ3 ሳምንት ደብተር ያዢ አሉኝ፣ ምን እንደበላሽ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ ማታ አቃጠለሽ ወይስ አላቃጠለሽም፣ በቃ። ያንን ደብተር እስካሁን አልጣልኩትም። ምክንያቱም እዛ ላይ ያየሁት ነገር ካሰብኩት ሁሉ ይለይ ነበር፣ ምሳ ላይ ቀይ ወጥ በልቼ ምንም ያልሆንኩበት ቀን ሞልቷል፣ በሌላ በኩል ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ "ቀላል ነው" ብዬ የበላሁት አልጫ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥለኝ አድሯል። በ3 ሳምንት 14 ሌሊት አቃጥሎኛል፣ ከነዛ ውስጥ 12ቱ ከእራት በኋላ 2 ሰዓት ሳይሞላ የተኛሁባቸው ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት በርበሬን ስከስ ነበር።

አንድ ወጉ የደረሰ እራት ከጨጓራ እስኪወርድ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈልጋል፣ ቅባት ሲበዛበት ደግሞ ይቆያል። ስለዚ ሕጉ አንድ ነው፣ እራት ከተበላ በኋላ ቢያንስ 3 ሰዓት ሳይሞላ አለመተኛት። ለመናገር ቀላል ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን ይሄ ሕይወትን መቀየር ነው። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ፣ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ቤት ስደርስ 1 ሰዓት ተኩል አንዳንዴ 2 ሰዓት፣ ከዛ ሽንኩርት መክተፍ ቁሌት ማቁላላት፣ ልጅ ማጠብ፣ የቤት ሥራ፣ እራቱ እንዴት ብሎ ነው ቀድሞ ሚቀርበው? ሁለት ወር ያህል ታግያለሁ። በመጨረሻ የሠራልኝ ምንድነው፣ ዋናውን ምግብ ወደ ቀን ማዞር ነው። ሁለት ምሳ ዕቃ ይዤ ነው ምወጣው፣ አንዱ የምሳ፣ ሁለተኛው ትንሿ 11 ሰዓት ላይ ከወንበሬ ሳልነሳ ምበላት፣ ቂንጬ ወይ ድንች በካሮት ወይ ትንሽ ፍርፍር ያለ ቅቤ። ያ ነው እራቴ። ቤት ስደርስ ከነሱ ጋር እቀርባለሁ፣ አንድ ሁለት ጉርሻ እቀምሳለሁ ወይ ሙዝ እበላለሁ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ግን ከውሃ ሌላ የለም። መጀመሪያ ባለቤቴ ከፍቶት ነበር፣ ከሱ ጋር ከአንድ ትሪ ሳልበላ ስቀር የራቅኩት መስሎት፣ አሁን ቅዳሜና እሁድ 12 ሰዓት ላይ አንድ ላይ እንበላለን፣ እሱም ራሱ ሆዱ እንደቀለለው ይናገራል።

ከእራት በኋላ ደግሞ የኮንዶሚኒየሙን ግቢ ከልጄ ጋር እንዞራለን፣ 20 ደቂቃ ዝም ብሎ መራመድ። ሩጫ አይደለም፣ ስፖርት አይደለም፣ በሞላ ሆድ ጎንበስ ቀና ማለት ያብሰዋል። ልብስ በእጅ ማጠብ ሁላ ወደ ጠዋት አዙሬዋለሁ፣ ሳፋ ላይ አጎንብሼ ስንት ቀን እንደተቃጠልኩ አሁን ነው ሚገባኝ። ከወለድኩ በኋላ ሆድ ይሰበስባል ብዬ ማስረውን ጥብቅ መቀነትም ፈታሁት። በዓመት ተኩል ውስጥ ከ78 ኪሎ ወደ 71 ወርጃለሁ፣ ኪሎ ልቀንስ ብዬ ያደረግኩት ነገር የለም፣ የማታው ምግብ ስለቀረ ነው፣ እና ዶክተሯ እንዳሉኝ ወገብ አካባቢ ሚቀንሰው እያንዳንዱ ኪሎ ለቃር ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ስለ አልጋው። ይሄን ለሰው ስነግር አያምኑኝም ግን ከሁሉም ያስገረመኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ሦስት ትራስ ደርቤ ነበር ምተኛው፣ አንገቴ ሲታመም ይነጋል ቃሩም አልቀረም፣ ምክንያቱም ትራስ ሚያጥፈው ወገብን ነው ሆድን ይጨቁናል። ሚፈለገው የአልጋው ራስጌ ራሱ ከፍ እንዲል ነው፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር፣ ጀርባ ከነወገቡ ቀጥ ብሎ እንዲያዘነብል። ባለቤቴ ሰፈራችን ያለ አናጢ ጋ ሄዶ ሁለት ወፍራም እንጨት አስቆረጠ፣ መሃላቸው ጎድጎድ ብሎ የአልጋው እግር እንዳይንሸራተት ሚይዝ፣ ከራስጌው እግሮች ሥር ገባ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ሌሊት ወደ ግርጌ እየተንሸራተትኩ እነቃ ነበር፣ ከዛ ለመድነው። ከሳምንት በኋላ የጠዋቱ ሳልና የድምፄ መሻከር ጠፋ፣ እኔ እኮ እሱን ቶንሲል ነው ብዬ ስንት ዓመት የማርና የዝንጅብል ሻይ ስጠጣ ነበር፣ ሌሊት ጉሮሮዬ ድረስ ሚመጣው አሲድ ነው ለካ። ከዛ ደግሞ በግራ ጎን መተኛት። በግራ ስንተኛ የጨጓራው ሰፊ ክፍል ከበሩ በታች ይሆንና አሲዱ እዛው ይጠራቀማል፣ በቀኝ ስንዞር ግን በሩ ከአሲዱ በታች ይውላል። ምንም ማያስወጣ ነገር ነው፣ ዛሬ ማታ መሞከር ይቻላል።

ምግቡስ? አለው፣ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ግን ሰው ከሰው ይለያያል፣ ለዛ ነው ደብተሩ ሚያስፈልገው። እኔ ላይ ሚብሰው ጥሬ ሽንኩርት፣ የቲማቲም ስልስና ቅቤ የበዛበት ነገር ሁሉ ነው፣ ክትፎ ምወደው ነው፣ አሁን ለብለብ ብሎ ቅቤው ቀንሶ በምሳ ሰዓት ትንሽ እቀምሳለሁ። ሚጥሚጣ ትቻለሁ፣ በርበሬ አልተውኩም። ወጥ ስሠራ ዘይቱን ለካሁት፣ ድሮ ከጠርሙሱ ነበር ሚፈሰው አሁን በማንኪያ ነው፣ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ በደንብ አብስለው ከዛ ዘይት ብትጨምሩበት ጣዕሙ አይጎድልም። እንጀራው ሊጡ ብዙ ቦክቶ ሲጎመዝዝ እኔን ይነካኛል፣ ስለዚ ትኩሱን እመርጣለሁ። ባለጋዝ ውሃና ለስላሳ ላይ ደግሞ ተታልለን ነው የኖርነው፣ "ጠጪና አግሺ ይቀልሻል" ይባላል፣ ጋዙ ጨጓራን ይወጥረዋል፣ ያ ግሳት ራሱ አሲዱን ይዞ ይወጣል።

ቡና። እዚ ላይ ብዙ ሴቶች እንደምትጨነቁ አውቃለሁ፣ ቡና ተዪ ማለት ከጎረቤት ተለዪ ማለት ነው። እኔ አልተውኩም፣ አቦሏን እጠጣለሁ፣ ምግብ ከበላሁ በኋላ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት፣ ቶናውንና በረካውን ሲቀዳ ቁጭ ብዬ አወራለሁ። ማንም አልተቀየመኝም። በባዶ ሆድ ጠዋት ምጠጣው ማኪያቶ ግን ቀረ። ሚንት ማስቲካና ቸኮሌት በሩን ያላላሉ፣ ሌላ ማስቲካ ግን ከምግብ በኋላ ምራቅ ስለሚያበዛ እኔን ረድቶኛል። ጫት ለሚቅሙ ወንድሞቼ ደግሞ፣ ጫት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል፣ ከዛ በላዩ ላይ ለስላሳውና ሲጋራው አለ፣ ወንድሜ ጋ ያየሁት ነው።

የእናቴ ተልባ ጉዳይ። እማዬ ቃር የሚል ቃል በሰማች ቁጥር ተልባ ቆልታ ወቅጣ በጥብጣ ታመጣለች፣ ልዝብ ነው ደስ ይላል፣ ዶክተሯም አልከለከሉኝም። ግን ልትተኚ ስትይ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ከጠጣሽው እሱም እራት ነው። ቀን ላይ አደረግነው። ወተት ለደቂቃዎች ያበርዳል ከዛ ጨጓራን ራሱን ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያነሳሳዋል፣ ስለዚ ማታ ማታ ብርጭቆ ወተት ይዞ መተኛት ቀረ። ቲክቶክ ላይ ኮምጣጤ በባዶ ሆድ ጠጡ ሚሉትን ግን እባካችሁ፣ እኔ ሁለት ጠዋት ሞክሬ ጉሮሮዬ ተላጠ፣ የተቃጠለ ቧንቧ ላይ አሲድ መጨመር ነው እኮ።

መድኃኒት ላይ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ፣ እናንተ እንዳትሠሩት። አንደኛ ኦሜፕራዞሉን ሲያቃጥለኝ ብቻ፣ እራት ከበላሁ በኋላ ነበር ምውጠው። እሱ ሚሠራው አሲድ ሚረጩትን ፓምፖች ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ ሲደርስባቸው ነው፣ ስለዚ ከቁርስ በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው ሚወሰደው። ሁለተኛ፣ ከወራት በኋላ ደህና ነኝ ብዬ በአንድ ቀን አቆምኩት፣ በሳምንቱ ከበፊቱ ብሶ መጣ፣ "አልዳንኩም ማለት ነው" ብዬ አለቀስኩ። ለካ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ ድንገት ሲቆም ጨጓራ ለጊዜው አሲድ አብዝቶ ይረጫል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይረጋጋል። ከዶክተሯ ጋር ቀስ እያልን ቀነስነው፣ በየቀኑ የነበረው ቀን እየዘለልን፣ ከዛ ሲያስፈልግ ብቻ። በራሳችሁ ግን አታቁሙም አትጀምሩም፣ ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ና ማግኒዥየም ሊቀንስ ይችላል፣ ለአንዳንድ ሰው ደግሞ ማቆም የሌለበት ምክንያት አለ። ለወገቤ ምወስደው ዳይክሎፌናክም ጨጓራዬን እየጎዳው ነበር፣ ፋርማሲ ሄዶ የህመም ማስታገሻ ሲገዛ "ቃር አለብኝ" ብሎ መናገር ይገባል። ዶክሲሳይክሊን ሚባለውን አንቲባዮቲክ ደግሞ በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጦ ወዲያው መተኛት ቧንቧውን ያቆስላል፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ቁጭ ብሎ።

ጾሙ ነው ሚቀረኝ፣ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝም እሱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ጾሜ ከዛ በረሃብ ሽሮውን በፍጥነት እሞላው ነበር፣ የጾም ወጥ ደግሞ ቅቤ የለውም እንጂ ዘይቱ ከቅቤ አይተናነስም። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ ሸክም ያቀሉልኛል ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን "ልጄ ጾሙ አልጎዳሽም፣ አፈታትሽ ነው የጎዳሽ፣ በርጋታ ፍቺው" አሉኝ። ልክ ናቸው። አሁን ሲፈታ በትንሽ ቆሎ ወይ በአጃ አጥሚት እጀምርና ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ምግቤን እበላለሁ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትንሽ እደግማለሁ፣ አበቃ። መድኃኒት በሰዓት ሚወስድ ሰው ግን ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገር፣ በዝምታ መሰቃየት የለበትም። ቢሮ አጠገቤ ምትቀመጠው ጓደኛዬ ረመዳን ላይ ተመሳሳይ ነው ችግሯ፣ ለሷ ሚብሰው ሱሑር ነው፣ በልታ ሰግዳ ተመልሳ ስለምትተኛ። ሱሑሯን በቀለል ያለ ነገር አድርጋ ትራስ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ቁጭ እንዳለች ነው አሁን ምታሸልበው፣ አፍጥሯንም በቴምርና በሾርባ ጀምራ ሳምቡሳውን ከሁለት አታሳልፍም፣ ዘንድሮ ቀሎኛል ብላኛለች።

እኔ በፊት በሳምንት አራት አምስት ሌሊት ነበር ምነቃው፣ አሁን በሁለት ሳምንት አንዴ ቢሆን ነው፣ እሱም ሠርግ ወይ ለቅሶ ቤት አምሽቼ ስበላ። ሙሉ በሙሉ ጠፋ አልልም።

እናቴ ላይ ግን ረጅም ጊዜ ፈጅቷል። ለእሷ አልበላም ማለት እጄን ጠላሽው ማለት ነው፣ የ2017 ፋሲካ ሲቃረብ ሆዴ ሲፈራ ነበር የሰነበተው፣ ቃሩን ሳይሆን ፊቷን። ቀድሜ በሰሙነ ሕማማት ሄጄ ቡና እያፈላች አስረዳኋት፣ ዶክተሯ የሳሉልኝን ወረቀት ራሱ አውጥቼ አሳየኋት፣ ይሄ በሩ ነው፣ ይሄ ስተኛ ነው እማዬ፣ ልጄ ያን ሌሊት እንዴት እንደደነገጠችም ነገርኳት። ዝም ብላ አዳመጠችኝ፣ ምንም አላለችም። የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለሌሎቹ ዶሮው ቀረበ፣ ለእኔ በትንሽ ሳህን አንድ እንቁላል ከአይብ ጋር አስቀምጣልኛለች። "የአንቺ እዛ ነው" አለችኝ በአገጯ ወደ ምድጃው እያሳየች፣ ትንሽ ድስት በክዳኑ ተሸፍና ለብቻዋ ተቀምጣለች፣ "ፈረሰኛው ከነመላላጫው አለልሽ፣ ለስድስት ሰዓት አሞቅልሻለሁ።" ከዛ ሶፋው ላይ ጎኔ መጥታ ተቀመጠች፣ እስኪነጋ ቁጭ ብለን ስናወራ አደርን።